ጥያቄ አለኝ፦ ማታ «ይዤዋለሁ» ያልኩት ጠዋት የት ይሄዳል?

ስለ ጥናትና ስለ ማስታወስ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ሰው ዛሬ ያጠናውን ነገ ወይም ከወር በኋላ ያስታውሰው እንደሆነ አሁኑኑ በምን ያውቃል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ በሙከራ ሲፈትሹት ቆይተዋል። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ለአናቶሚ ፈተና 120 ያህል ስያሜዎችን ከነትርጉማቸው በካርድ እያጠናሁ ነው። ማታ ካርዶቹን ሳገላብጥ ሁሉንም እንደያዝኩ እርግጠኛ ነኝ። ፈተናው ላይ ግን ግማሹ ይጠፋብኛል። ጭንቀት ነው ወይስ የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት መጠርጠር ያለበት ግምቱን ያወጡበት ሰዓት ነው። ካርዱን ገልብጠው መልሱን ካዩ ገና ጥቂት ሰከንድ ሳይሞላ «ይህን አውቄዋለሁ» ሲሉ፣ መልሱ ከአጭር ጊዜ ትውስታዎ አልወጣም። ያኔ የሚሰማዎት ቅለት የመጣው ከዚያ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ከረጅም ጊዜ ትውስታ ፈልገው የሚያወጡትን ነው። አንዱን ለክተው ስለ ሌላው ይፈርዳሉ፤ ፍርዱ ቢሳሳት አይገርምም።

ቶማስ ኔልሰንና ጆን ደንሎስኪ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ 60 ጥንድ ቃላት አጠኑ። ለእያንዳንዱ ጥንድ «ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ቢቀርብልዎ ሁለተኛውን የማስታወስ ዕድልዎ በመቶኛ ስንት ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ግማሾቹን ጥንዶች እንዳጠኑ ወዲያው ገመቱ፤ ቀሪዎቹን ሌሎች ጥንዶች በመሃል ካለፉ በኋላ። ግምቱ ምን ያህል ከውጤቱ ጋር እንደሚሄድ የተለካው ጋማ በሚባል መለኪያ ነው። 0 ማለት ግምቱ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም፣ 1 ማለት የሚታወሰውንና የሚረሳውን ሳይሳሳት ለይቷል ማለት ነው። ወዲያው የተሰጠው ግምት 0.38 ሲያገኝ የዘገየው 0.90 አገኘ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ቃላቱም ያው ዓይነት። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

አንድ ግዴታ ግን አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። በሚገምቱበት ጊዜ ማየት ያለብዎት የጥያቄውን ገጽ ብቻ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት እንዳሳዩት፣ ቢዘገዩም እንኳ ጥያቄውና መልሱ አብረው ፊትዎ ላይ ካሉ የመዘግየቱ ጥቅም ይጠፋል። መልሱን እያዩ ከገመቱ የሚፈርዱት ስለ ዓይንዎ ነው።

ለ120ዎቹ ካርዶች የሚከተለውን ይሞክሩ። በ20፣ በ20 ይክፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹን 20 አጥንተው ያስቀምጡና ወደ ሁለተኛው ክፍል ይለፉ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ፤ በመሃል ቢያንስ 10 ደቂቃ ማለፍ አለበት። ካርዶቹን ይበውዙ። ቅደም ተከተላቸው ካልተቀየረ ያለፈው ካርድ የሚቀጥለውን ይጠቁምዎታል፤ በፈተናው ላይ ግን ያ ጥቆማ የለም። ጥያቄውን ብቻ እያዩ መልሱን ለማስታወስ ይጣሩ፣ እስከ 10 ሰከንድ ለራስዎ ይስጡ። ከዚያ በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ከ0፣ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 አንዱን ይጻፉ። መልሱን በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ካርዱን የሚገለብጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «አዎ፣ ይህን ልል ነበር» ብሎ መገልበጥ ሙከራውን ያበላሸዋል።

ከ0 እስከ 40 የተጻፈባቸው በዚያው ማታ ይመለሳሉ። 60 እና 80 ያላቸው ለነገ ያድራሉ። 100 ያላቸውን ግን እንዳይጥሏቸው! ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው መልስ ላይ ያገኙታል።

ስለ ጭንቀቱ፦ በዚህ መንገድ ዘግይተው ራስዎን ሲፈትኑ 85 በመቶ እየመለሱ ፈተናው ላይ 50 ከሆነ፣ ያኔ ጭንቀትን መጠርጠር ያስኬዳል። ካርዱን እያገላበጡ ብቻ ከሆነ ግን በጭንቀት የሚያሳብቡበት ማስረጃ የለም።

ጥያቄ፦ ምዕራፉን አራት ጊዜ ሳነበው ሐሳቡ ይፈስልኛል፤ በራስ መተማመኔም ይጨምራል። መጽሐፉን ዘግቼ ራሴን ስጠይቅ ግን ምንም እንደማላውቅ ይሰማኛል፣ ተስፋም ያስቆርጠኛል። የትኛውን ስሜት ልመን?

መልስ፦ ሁለተኛውን ዘዴ አጥብቀው ይያዙ፤ ስሜቱን ግን ሁለቱንም ጊዜ አይመኑት።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ አነበበ። ሁለተኛው ሦስት ክፍለ ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜ ያስታወሰውን ጻፈ። ሦስተኛው አንድ ክፍለ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ያለ ጽሑፉ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ሲጠየቁ በጣም የተማመኑት አራት ክፍለ ጊዜ ያነበቡት ነበሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተናም ልክ ነበሩ፤ አንባቢዎቹ 83 በመቶ ሲያስታውሱ ሦስት ጊዜ የተፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ 40 በመቶ ላይ ሲወርዱ ሦስት ጊዜ የተፈተኑት 61 በመቶ ይዘው ቆዩ። በጥናቱ ጊዜ የመጀመሪያው ቡድን ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ነበር፤ ሦስተኛው ከአራት ጊዜ ያነሰ። ይህ ቁጥር ደግመው ደጋግመው ለሚያነቡ ሁሉ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀል አይበዛበትም።

ድግግሞሽ ዓይንን ያለማምዳል። ዓረፍተ ነገሩ እየቀለለ ሲመጣ አእምሯችን ቅለቱን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። ራስን መጠየቅ ደግሞ ያልያዝነውን በግልጽ ስለሚያሳየን ደስ አይልም። ግን ከትውስታ ፈልጎ ማውጣት ራሱ ትውስታውን ያጠነክረዋል፤ የሚከብደው ሥራ ነው የሚያስተምረው።

100 የተጻፈባቸውን ካርዶች አትጣሉ ያልነውም ለዚህ ነው። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ተማሪዎችን 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር አስጠኑ። አንዳንዶቹ አንዴ በትክክል የመለሱትን ቃል ከቀጣይ ፈተናዎች አወጡት፤ ሌሎቹ ማንበቡን ቢተዉም መፈተኑን ቀጠሉ። ሁሉም ከሳምንት በኋላ ግማሽ ያህሉን እንደሚያስታውሱ ገመቱ። መፈተን የቀጠሉት 80 በመቶ አስታወሱ፣ ያቋረጡት 35 በመቶ ገደማ። ልብ ይበሉ፣ ግምታቸው አንድ ነበር፤ የትኛው ዘዴ እንደሚጠቅማቸው ከውስጥ የነገራቸው ነገር አልነበረም።

አንዴ መመለስ በቂ ካልሆነ ስንት ጊዜ ይበቃል? ካትሪን ሮውሰንና ደንሎስኪ ከተከታታይ ሙከራዎች በኋላ የሰጡት ምክር ለአጠቃቀም ይመቻል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጊዜ በትክክል እስኪያስታውሱ መለማመድ፣ ከዚያ ቀናት እያሳለፉ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መከለስ። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ትክክለኛ መልሶች ተከታትለው ከመጡ ዋጋቸው አነስተኛ ነው። በመካከላቸው ሌሎች ካርዶች ይግቡ።

ጥያቄ፦ ዋና ዋና ነጥቦቹን በትልቅ ፊደል እጽፋለሁ፣ በቀለምም አሰምርባቸዋለሁ። ሳያቸው እንደማልረሳቸው ይሰማኛል። ይረዳል?

መልስ፦ ስሜቱን ይረዳል። ማቲው ሮድስና አለን ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2008 ቃላትን በ18 እና በ48 ነጥብ የፊደል መጠን አሳይተው ሰዎችን ጠየቁ። በትልቁ የተጻፉትን የበለጠ እንደሚያስታውሱ ገመቱ፤ ሲፈተኑ ግን ልዩነት አልተገኘም። መስመሩ በኋላ የት ተመልሰው ራስዎን እንደሚጠይቁ ካመለከተ ይጠቅማል። ከዚያ ውጭ ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ ፈተናዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ምዕራፍ ጨርሻለሁ፣ ራሴንም ዘግይቼ ፈትኜ 90 በመቶ መልሻለሁ። እስከ ፈተናው ምን ያህሉ ይቀራል ብዬ ልገምት?

መልስ፦ የዛሬውን 90 ለአምስት ሳምንት በኋላ ይዘው አይሂዱ። ሰው በዚህ ረገድ አስገራሚ ድክመት አለበት። አሸር ኮሪያት፣ ሮበርት ቢዮርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የተለያዩ ሰዎች ወዲያው፣ ከአንድ ቀን ወይም ከሳምንት በኋላ ስንት ቃል እንደሚያስታውሱ ገመቱ። ግምቶቹ ተቀራራቢ ሆኑ፤ ትክክለኛው ውጤት ግን ጊዜው በረዘመ ቁጥር አሽቆለቆለ። እነዚህ ሰዎች መርሳት የሚባል ነገር እንዳለ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ማንኛቸውም ቢጠየቁ ሰው በጊዜ ብዛት እንደሚረሳ ይነግሩዎታል። ነገር ግን ግምት ሲሰጡ የሚያዳምጡት የአሁኑን ስሜታቸውን ነው፣ ስሜቱ ውስጥ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ የለም።

ከጥናቱ የሚገኝ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። «ስንቱን አስታውሳለሁ?» በሚለው ፈንታ «ስንቱን እረሳለሁ?» ብለው ሲጠየቁ ሰዎቹ የጊዜውን ርዝመት ማገናዘብ ጀመሩ። ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ጎን ለጎን ሲቀርቡላቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ነገ፣ ከሳምንት በኋላ፣ በፈተናው ቀን። በየዓምዱ የሚረሱትን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ ከነገና ከሳምንት በኋላ ራስዎን ፈትነው እውነተኛውን ቁጥር ከጎኑ ያስፍሩ። የሁለቱ ቀናት ውጤት የራስዎን የመርሳት ፍጥነት ያሳያል፤ ለሦስተኛው ዓምድ የሚያስተካክሉት ግምት ከስሜት ላይ መቆሙ ያበቃል።

የክለሳውን ቀን በተመለከተ የኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2008) ከ1,300 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ጥናትና በክለሳው መካከል ያለው ርቀት እንደ ፈተናው ርቀት መለዋወጥ እንዳለበት አሳይቷል። ለሳምንት በኋላ ፈተና የተሻለው ርቀት አንድ ቀን ገደማ ነበር፤ ለ35 ቀን በኋላ ፈተና 11 ቀን ገደማ። የእርስዎ አምስት ሳምንት በትክክል እዚህ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ብቻ የመከለስ ዕድል ካለዎት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ያድርጉት። ሁለትና ሦስት ዕድል ካለዎት የተሻለ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀረብ፣ ተከታዮቹን ራቅ ያድርጓቸው።

ደግሞ በተቃራኒው ጎን ያለ ስሕተት አለ። ኔት ኮርኔልና ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ሰዎች ተጨማሪ ጥናት ምን ያህል እንደሚያሻሽላቸው አሳንሰው ይገምታሉ። «ይህ ምዕራፍ ለእኔ አይገባም» ብሎ የመተው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው። ዛሬ 30 በመቶ ያገኙበት ምዕራፍ ከሦስት ዙር በኋላ የት እንደሚደርስ ዛሬ ያለው ስሜትዎ ሊነግርዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከፈተና በፊት ውጤታቸውን እንዲገምቱ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ጎበዞቹ ይቀራረባሉ፣ ደካሞቹ ግን 85 ገምተው 45 ያመጣሉ። ግምታቸውን እንዴት ልለካው፣ እንዴትስ ላሻሽለው?

መልስ፦ ያዩት ነገር በክፍል ውስጥ በተሠሩ ጥናቶችም ደጋግሞ የታየ ነው። ለመለካት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጥሩ ሆኖ ሌላው መጥፎ ሊሆን ይችላልና።

የመጀመሪያው የግምቱ ልክ ነው፦ አማካይ ግምት ሲቀነስ ትክክለኛ ውጤት። 85 ገምቶ 45 ያመጣ ተማሪ በ40 ነጥብ ከልክ በላይ ተማምኗል። ሁለተኛው የመለየት ችሎታ ነው፦ ከጥያቄዎቹ የትኛውን እንደሚመልስ፣ የትኛውን እንደሚስት ያውቃል? ለጥናት የሚጠቅመው ይበልጡኑ ይህ ሁለተኛው ነው። ለሁሉም ጥያቄ 60 ጽፎ 60 ያመጣ ተማሪ ልኩን በትክክል አግኝቷል፤ ዛሬ ማታ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚከፍት ግን ግምቱ ምንም አይነግረውም።

በአሥር ጥያቄ እናሳይ። ተማሪዋ የመለሰቻቸው ስድስት ጥያቄዎች ላይ ግምቷ 100፣ 80፣ 80፣ 60፣ 60 እና 40 ነበር እንበል። በሳተቻቸው አራቱ ላይ 80፣ 40፣ 20 እና 20። የሁሉም ድምር 580 ነው፤ አማካዩ 58። ውጤቷ 60 ስለሆነ ልኩ በ2 ነጥብ ብቻ ያንሳል። ለመለየት ችሎታዋ እያንዳንዱን የተመለሰ ጥያቄ ከእያንዳንዱ ከተሳተው ጋር ያጣምሩ፤ 6 በ4፣ 24 ጥንድ ይሆናል። ለተመለሰው ከፍ ያለ ግምት የሰጠችባቸው ጥንዶች 18 ናቸው። በተቃራኒው ለተሳተው ከፍ ያለ የሰጠችባቸው 3። እኩል የሆኑት 3 ጥንዶች አይቆጠሩም። 18 ሲቀነስ 3፣ 15፤ ሲካፈል ለ21፣ 0.71። ይህ ከላይ የጠቀስነው ጋማ ነው። ለማንኛውም ተማሪ ጥሩ የሚባል ቁጥር ነው። በዚህች ተማሪ ወረቀት ላይ መምህሩ ሊያነጋግራት የሚገባው ያ 80 ብላ የሳተችው አንድ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው የተሳሳተ ዕውቀት እንጂ አለማወቅ አይመስልም። በአሥር ጥያቄ የተሰላ ጋማ በአንድ ጥያቄ ለውጥ ብቻ ሊዋዥቅ ስለሚችል በአንድ ፈተና አይፍረዱ፤ የሦስት አራት ፈተናዎችን ጥያቄዎች ያጠራቅሙ።

ለማሻሻል፦ አጠቃላይ ግምትና የየጥያቄው ግምት ለየብቻ ይጠይቁ። «ከ20 ስንት ታመጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ከየጥያቄው ግምቶች ድምር ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። ግምቱን ከጥናቱ ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ ሳይሆን በማግስቱ ይሰብስቡ። ከዚያም ውጤቱን ሲመልሱ ግምቱ የተጻፈበትን ወረቀት አብረው ይመልሱ፤ ውጤቱ ብቻውን ሲመጣ ተማሪው «እንደዚያ ገምቼ ነበር» ማለቱ አይቀርም፣ ሳይዋሽም ያምነዋል።

ለግምት ማርክ አይስጡ። ማርክ ካለበት ልጆቹ ዝቅ አድርገው መገመትን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ልኩ ያምራል፣ የመለየት ችሎታቸው ግን ባለበት ይቆማል።

አንድ የማይጠበቅ ነገር ደግሞ አለ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዙር ሲያጠኑና ሲፈተኑ ተማሪዎቹ ከመጠን በላይ መተማመን ትተው ራሳቸውን ማሳነስ ሊጀምሩ ይችላሉ። ኮሪያትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህ ደጋግሞ የሚታይ መሆኑን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ተማሪው ባለፈው ፈተና የሳተውን አስታውሶ፣ ከዚያ በኋላ የተማረውን ሳይቆጥር መገመቱ ነው። በሁለተኛው ዙር ግምታቸው ከውጤታቸው ዝቅ ቢል ዘዴዎ አልከሸፈም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቃላትና ትርጉም ላይ ይህ ሁሉ ይሠራ ይሆናል። እኔ የማጠናው ግን የሕግ ትምህርት ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ነው። ካርድ አይሆነኝም።

መልስ፦ እውነት ነው፣ በጽሑፍ ላይ ግምታችን በጣም ደካማ ነው። ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አንባቢ የትኛውን ጽሑፍ በደንብ እንደተረዳ የሚገምተው ግምት ከፈተናው ጋር ያለው ዝምድና በአማካይ 0.27 ገደማ ነው። አንባቢው ቃላቱ ስለገቡት ሐሳቡ የገባው ይመስለዋል።

መፍትሔው እዚህም መዘግየት ነው። ኪት ቲዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ተማሪዎች ብዙ ጽሑፎችን ካነበቡ በኋላ ተመልሰው፣ ጽሑፉን ሳያዩ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ቁልፍ ቃላት እንዲጽፉ አደረጉ። በዚህ ጊዜ የግምቱ ትክክለኛነት ወደ 0.70 ከፍ አለ። ቁልፍ ቃላቱን እያንዳንዱን ጽሑፍ እንደጨረሱ ወዲያው ሲጽፉ ግን ይህ ጥቅም አልተገኘም። በትክክል የገመቱት ተማሪዎች ተመልሰው የሚያነቡትን በትክክል ስለመረጡ የመጨረሻ ፈተናቸውም ተሻሻለ። ስለዚህ አራት አምስት ክፍሎችን በተከታታይ ያንብቡ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ወደ መጀመሪያው ክፍል በሐሳብ ይመለሱና አምስት ቃል ይጻፉ። ቃላቱ ካልመጡ ክፍሉ አልተያዘም፤ የመጡት ቃላት የክፍሉን ክርክር ሳይሆን ምሳሌዎቹን ብቻ ከያዙም እንዲሁ።

ለሕግ ተማሪ በተለይ የሚያሳስበው ራስን ማረም ነው። የአንድን ድንጋጌ መስፈርቶች ከትውስታ ጽፈው ከመጽሐፉ ጋር ሲያመሳክሩ «ያው ነው፣ በሌላ አባባል ነው እንጂ» ማለት ይቀናል። ሮውሰንና ደንሎስኪ እንዳሳዩት ተማሪዎች ትክክለኛው መልስ ፊታቸው ተቀምጦ እንኳ ለተሳሳተ መልሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ያሻሻለው ነገር መልሱን ቀድሞ ወደ ነጠላ ሐሳቦች መከፋፈል ነው። ድንጋጌው አራት መስፈርት ካለው አራት ቁጥር ይስጡ። መልስዎን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ለየብቻ ያስተያዩ፣ አለ ወይም የለም ብቻ። ሦስት ካገኙ 75 ነው። ወደ 100 የሚያጠጋጋው እጅዎ ላይ ይጠንቀቁ፤ አራተኛው መስፈርት ብዙውን ጊዜ ፈተናው የሚመጣበት ነውና።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ግጥም አጥና ሲባል አንዴ ሰምቶ «አውቄዋለሁ!» ይላል። ሲጠየቅ ሁለት ስንኝ አይዘልቅም። እየዋሸን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ሕፃናትን ከተከታታይ ሥዕሎች ስንቱን እንደሚያስታውሱ ሲጠይቋቸው፣ ትምህርት ቤት ካልገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሥሩንም እንደሚያስታውሱ ተናገሩ፤ ከግማሹ እንኳ አልደረሱም። በዚህ ዕድሜ ተስፋና ግምት ገና አልተለያዩም። ግን ዘግይቶ መገመት በስድስት ዓመት ልጆችም ላይ እንደሚሠራ ታይቷል። ግጥሙን ካስጠኑት በኋላ ሌላ ነገር ይጫወት፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ሰጥተው «ቀጥሎ ያለውን ትለዋለህ?» ይበሉት። መልሱ ይለወጣል። አይገሥጹት፤ ልበ ሙሉነቱ ለሙከራ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው፣ ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜ በራሴ ግምት መተማመን እችላለሁ?

መልስ፦ አባታችን፣ ይችላሉ። አዲስ ነገር ለመያዝ ከወጣቱ የበለጠ ዙር ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ የትኛውን ቃል እንደያዙ፣ የትኛውን እንዳልያዙ የመለየት ችሎታ ግን ከዕድሜ ጋር ብዙም እንደማይቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ለነርሲንግ ተማሪው የሰጠነው የካርድ አሠራር ለእርስዎም ይሠራል፤ ክፍሉን ከ20 ወደ 10 ካርድ ዝቅ ያድርጉት። የሚያውቁት መንገድ መጥፋት ወይም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ደጋግሞ መርሳት ከመጣ ግን ያ ከጥናት ጋር አይገናኝም፤ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱ ካርድ ላይ ግምት መጻፍ ጊዜ አይበላም? ደግሞስ ግምቱ ራሱ ውጤቱን አይለውጠውም?

መልስ፦ ይለውጠዋል፣ ተመራማሪዎችም ይከራከሩበታል። ባርባራ ስፔልማንና ሮበርት ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ያነሡት ትችት ይህ ነው፦ ዘግይቶ የሚገምት ሰው መልሱን ለማስታወስ ይሞክራል፤ ያስታወሰው በመታወሱ ይጠነክራል፣ ያላስታወሰው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ግምቱ ትክክል የሚሆነው በከፊል ራሱን በራሱ እውን ስለሚያደርግ ነው። ለሳይንሱ ችግር ነው፤ ለተማሪ ግን ትርፍ ነው። ወዲያው የሚሰጥ ግምትም ቢሆን በሐሳብ በሚገናኙ ጥንድ ቃላት ላይ ትውስታን በመጠኑ እንደሚያግዝ፣ በማይገናኙት ላይ ግን ያን ያህል እንዳልሆነ ታይቷል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ቁጥር መጻፍ ሁለት ሰከንድ ነው። ከበዛብዎ በስድስት ደረጃ ፈንታ በሦስት ይጠቀሙ፦ አዎ፣ ምናልባት፣ አይ።

ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ መልሱ «ምላሴ ላይ አለ» እላለሁ ግን አይወጣልኝም። እንዲህ ያለውን አውቄዋለሁ ብዬ ልቁጠረው?

መልስ፦ በፈተናው ዓይነት ይወሰናል። ጆሴፍ ሃርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሰዎች ሊመልሱት ያልቻሉትን ጥያቄ ከምርጫዎች መካከል መልሱን ይለዩት እንደሆነ እንዲገምቱ ጠየቃቸው። «አውቀዋለሁ» ያሉትን «አላውቀውም» ካሉት የበለጠ ለይተውታል። ስለዚህ ስሜቱ ባዶ አይደለም። ፈተናዎ ምርጫ ከሆነ እንዲህ ያለውን ካርድ 60 ይስጡት። ጻፍ ወይም አብራራ የሚል ከሆነ 20 ይበቃዋል፤ ራስዎን ሲፈትኑም ፈተናው በሚመጣበት መልክ ይሁን። በምርጫ ጥያቄ ተለማምዶ ለጽሑፍ ፈተና የሚገመት ግምት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከፍ ብሎ ይገኛል።